የቀትር ሽምግልና

«በይ ገነቴ፣ ምን እንደበደለችሽ ተናገሪ። እኛ የመጣነው ልንሰማ ነው» አሉ አቶ አቤሴሎም ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«ማን ናት የበደለችኝ?» አለች ገነቴ።

«ምራትሽ ናታ!»

«ሊዲያ?»

«ሌላ ምራት አለሽ እንዴ?»

ገነቴ ዞር ብላ ሊዲያን አየቻት። ሊዲያ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታለች። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ቆጯቸውን በጎመን ከአንድ ሳህን ነው የበሉት፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ «አንቺ ብይው»፣ «የለም፣ እርስዎ ይብሉት» ተባብለው ተባብለው ለዶሮ ሰጧት። ሽማግሌ ይመጣል ሲባል ገነቴ ለጸሎት መስሏት ነበር። ሶፋውን የወለወለችው፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ ያቆመችው ለጸሎት ብላ ነው። አሁን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሊያስታርቋት ቁጭ ብለው፣ የተጣላችው ሰው ጠፍቶባት ግራ ገብቷታል።

አቶ አቤሴሎም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ጥቁር ካፖርታቸውን በክረምትም በበጋም አያወልቁም፤ ያለ ካፖርት የሚፈርዱት ፍርድ የሚጸና አይመስላቸውም። አጠገባቸው የተቀመጡት መምህር ወንዳፈረው ደግሞ ከሰሜን መጥተው ቦኖሻ ላይ ሠላሳ ዓመት አስተምረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም እዚሁ የቀሩ ጎረቤት ናቸው። ሐዲይኛ አሳምረው ይሰማሉ። ሲናገሩት ግን ሰው ይስቅባቸዋልና ሽምግልናው ለሳቸው ሲባል በአማርኛ ሆኗል። ከነሱ ትይዩ ከራባቱን አስሮ፣ ፊቱን እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አኮሳትሮ የተቀመጠው ሆሴዕ ነው፤ የገነቴ አንድ ልጇ፣ የሊዲያ ባል። ዛሬ ዓርብ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ በጠዋት የመጣው፣ ሽማግሌዎቹን የጠራውም፣ ሊዲያን ከሥራ ያስቀራትም እሱ ነው።

«እማዬ፣ አትደብቂን» አለ። «ሰው ሁሉ እያወራው ነው። ልጇ ቤት ሠርቶላት፣ ምራቷ ወደ ድሮው ሳር ቤት አባረረቻት ይላሉ። ፎንቆ ገበያ ድረስ ደርሷል። አንቺን ስጠይቅሽ ላሟ ልትወልድ ስለሆነ ማታ ማታ ልጠብቃት ነው ትይኛለሽ።»

«እውነቴን ነው። ላሟ እርጉዝ ናት።»

«ወይዘሮ ገነቴ» አሉ መምህር ወንዳፈረው በትህትና፣ «ይህቺ ላም ልትወልድ ነው ከተባለ ስንት ጊዜ ሆነ? በኔ ግምት አሁን የምትወልደው በሬ መሆን አለበት።»

ለገነቴ አሁን ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት።

የሆነው እንዲህ ነው። ሆሴዕ የሚሠራው ሆሳዕና ቢሮ ውስጥ ነው። ይህን ቤት ለእናቱ ለመሥራት አራት ዓመት ፈጅቶበታል። ቆርቆሮውን በአይሱዙ ሲያመጣ ነፋስ እንዳያነሳበት ብሎ ራሱ ላዩ ላይ ተጋድሞ ነው የመጣው። ቦኖሻ ሲደርስ ፀጉሩም ቅንድቡም አቧራ ለብሶ፣ የገዛ እናቱ «ምን ፈለግህ የኔ ልጅ?» ብላዋለች። ቤቱ ሲመረቅ ገነቴ አለቀሰች፣ መረቀች፣ በጉባኤው ሁሉ ፊትም «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ ሞት ብቻ ነው!» አለች። ሰው አጨበጨበ። ይህን ያለችው ግን ሐምሌ ላይ ነበር። ሐምሌ ላይ የማይጥም ቤት የለም።

ሆሳዕና ደጋ ናት፤ ጠዋት ሹራብ፣ ማታ ጋቢ። ቦኖሻ ደግሞ ወረድ ያለች ናት፤ ዘንድሮ የሙቀቱ ነገር የባሰ ሆነ። ከጥር ጀምሮ ሰማዩ ደመና የሚባል ነገር ረሳ። ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ይሄዱ ጀመር። ባለጋሪዎች ቀትር ላይ ፈረሶቻቸውን ፈትተው ከጋሪው ሥር ይተኛሉ። ቅቤያቸውን በኮባ ጠቅልለው ገበያ የሚያወጡ ሴቶች ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርሱ ኮባው ያንጠባጥብባቸዋል። ትምህርት ቤት ልጆችን በአምስት ሰዓት መልቀቅ ያዘ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሐዳሳ ቤት ለቤት እየዞረች «አዛውንቶችን ጥላ ሥር አስቀምጡ፣ ውሃ በየሰዓቱ ስጧቸው» ትላለች። ከገበያው ጀርባ የሚኖሩ አንድ አባት ቀትር ላይ ቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ ጋደም እንዳሉ ሳይነሱ ከቀሩ በኋላ፣ ሐዳሳ ሁለት ጊዜ መዞር ጀመረች።

የሆሴዕ ቤት ኮርኒስ የለውም። ኮርኒሱ ለከርሞ ነው። እሱ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ይመጣል፤ ያኔ ቆርቆሮው በርዷል። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይውላል፣ ከሰዓት ወደ ሆሳዕና ይሳፈራል። ስለዚህ የገዛ ቤቱን ቀትር አንድ ቀን አይቶት አያውቅም።

ገነቴ ግን አይታዋለች። አንድ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዚህ ሶፋ አጠገብ፣ ራሷን ስታ ወደቀች። ሊዲያ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግታ አገኘቻት። በጀርባዋ አዝላ፣ ጓሮ ካለው ሳር ቤት አስገብታ፣ ውሃ እያፈሰሰችባት፣ በደብተር እያራገበችላት አነቃቻት። ገነቴ ዓይኗን ስትከፍት መጀመሪያ የተናገረችው «ለሆሴዕ እንዳትነግሪው» የሚል ነበር። «ያን ሁሉ ለፍቶ የሠራልኝ ቤት ሊገድለኝ ነበር ስትይው ልጄ ራሱን ይበላል። ማይልኝ።» ሊዲያ ማለች። ከዚያ ወዲህ ገነቴ ጎጆዋ ውስጥ ናት፤ ላሟም ዘላለም ልትወልድ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሊዲያ ድንገት፣ ከበርጩማዋ ተነስታ። «እማዬን አላስቀየምኳቸውም ብዬ ነበር። ከሆነ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ገነቴ ቀና ብላ አየቻት። ይህቺ ልጅ ስንት ሳምንት ሙሉ የሰው አፍ ተሸክማላት ኖራለች። ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ በጎን እያዩ ይንሾካሾኩባታል። አንድም ቀን «እማዬ፣ መሐላዬን መልሱልኝ» አላለችም።

«እሰይ! እንዲህ ነው ልጅ!» አሉ አቶ አቤሴሎም፣ ነገሩ በግማሽ ሰዓት ማለቁ ደስ ብሏቸው። ባርኔጣቸውን አነሱ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ ሆሴዕ። ፊቱ ፈታ አለ። «እንግዲህ ሰኞ ጎጆው ይፈርሳል። አራት ጎረምሶች አነጋግሬያለሁ። ቦታው ላይ አበባ ይተከልበታል። እማዬም አርፋ እዚሁ ቤቷ ትቀመጣለች።»

ገነቴ የሰማችውን ለማመን ጊዜ ፈጀባት። ሰኞ ጎጆው ከፈረሰ ማክሰኞ ቀትር የት ልትገባ ነው? እሮብስ? ሚያዝያ እስኪዘንብ ስንት ቀትር አለ? ልጇን አየችው። ከራባቱን እያስተካከለ ጣራውን፣ ግድግዳውን፣ መስኮቱን በኩራት ይቃኛል። «ቤትህ ምድጃ ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ መጣና ተመለሰ። እንዴት ብላ ትንገረው?

በዚህ መሐል ጣራው «ጧ!» አለ።

«ማነው ድንጋይ የሚወረውረው?» አሉ አቶ አቤሴሎም።

«ማንም አይደለም» አለች ገነቴ። «መምህር፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ለአምስት ሩብ ጉዳይ።»

ገነቴ በፀሐይ መጋል ወደጀመረው ጣራ ቀና ብላ አየች። እሷ መናገር ካልቻለች፣ ቤቱ ራሱ ይናገራ! የሚያስፈልገው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

«አልታረቅም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልታረቅም! በደሌ ገና አልተሰማም።» ነጠላዋን አጣፍታ ተደላድላ ተቀመጠች። «አንደኛ፣ ጨው ታበዛለች።»

ሊዲያ አፏን ከፈተች።

«ሁለተኛ፣ ሳስነጥስ ይማርዎ አትለኝም። ሦስተኛ፣ የልጆቹን ደብተር ስታርም ለብቻዋ ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት አትነግረኝም።»

«ይህ የመጨረሻው ከበድ ይላል» አሉ መምህር ወንዳፈረው፣ ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው። ሥርዓት ይወዳሉ። «ተራ በተራ እንየው። ጨውን በተመለከተ፣ መቼ ነው የተጀመረው?»

«ከሠርጓ ማግስት።»

«በየትኛው ወጥ?»

«በሁሉም። ልዘርዝር?»

ዘረዘረች። ከጎመኑ ጀምራ፣ በአይቡ በኩል አድርጋ፣ አንድ ገና ላይ የተሠራ ቅቅል ጋ ስትደርስ አምስት ተኩል ሆነ። ሊዲያ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እውነት መስሏታል። ገነቴ አላስቻላትም።

«ሊዲያ፣ እስቲ መስኮቱን ዝጊው። አቧራ ይገባል።»

ውጭ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ንፋስ የለም። ሊዲያ መስኮቱን አየች፣ ጣራውን አየች፣ አማቷን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ሄዳ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ስትመለስ እንባዋ የለም።

«እኔም ቅሬታ አለኝ» አለች ቁጭ ብላ። «ረጅም ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለ ሆሴዕ።

«አትከልክላት፣ ትናገር» አለች ገነቴ። «እኔም ራሴ ጉዴን መስማት እፈልጋለሁ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ጣራው በየደቂቃው ጧ ጧ ይላል። የሶፋው ፕላስቲክ ገና አልተነሳም ነበርና አቶ አቤሴሎም በተንቀሳቀሱ ቁጥር ፕላስተር ሲላቀቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይወጣቸዋል። ላባቸው ከባርኔጣቸው ሥር ተነስቶ፣ ጆሯቸውን ዞሮ፣ ካፖርታቸው ውስጥ ይገባል።

«ካፖርትዎን ላስቀምጥልዎ?» አለች ገነቴ።

«የለም፣ የለም። ደህና ነኝ። ትንሽ ውሃ ብቻ።»

«መምህር፣ እርስዎስ?»

«ጾም ነው» አሉ መምህር ወንዳፈረው በደረቀ አፍ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ወይዘሮ ሊዲያ፣ ከስምንተኛው ነጥብ ቀጥዪ። ስለ... ስለ ምን ነበር?» ወረቀታቸውን አዩት። የጻፉበት ቀለም በላባቸው ፈሶ ስምንተኛው ነጥብ ከሰባተኛው ጋር ተጋብቷል።

«ስለ ጃንጥላው» አለች ሊዲያ።

«እንዴት ያለ ጃንጥላ?»

«እሳቸው የወሰዱብኝ።»

«ውሸቷን ነው!» አለች ገነቴ፣ ልቧ በደስታ እየዘለለ። እንዲህ ተግባብተው የተጣሉ ሴቶች በሻሾጎ ወረዳ ታይተው አይታወቁም።

ሰባት ሰዓት ሲቃረብ የሚናገር ሰው ቀነሰ። አቶ አቤሴሎም ዓይናቸውን ጨፍነው «እሺ... እሺ...» ይላሉ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። የገነቴ የራሷም ጆሮ መጮህ ጀምሯል፤ ግን ትንሽ ቀርቷል፣ አሁን አንዱ «ይህ ቤት እንዴት ይሞቃል!» ይላል እያለች ትጠብቃለች።

ሆሴዕን ያየችው ያኔ ነው።

ቅድም እንደ ዝናብ ይወርድ የነበረው ላቡ ቆሟል። ፊቱ ቀልቶ ደርቋል። ከራባቱ አሁንም እንደታሰረ ነው። «እማዬ... ሰኞ...» አለ፣ ቃሉ አፉ ውስጥ ተጠላልፎበት። ሊነሳ ሞከረ። ግን ሶፋውና ጠረጴዛው መሐል ሸርተት ብሎ ወረደ።

የገነቴ ጨዋታ ሁሉ እዚያው ቀረ።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ አማርኛውን ረስታ በሐዲይኛ ነው የጮኸችው። «ወደ ጎጆው! አንሱት! ወደ ጎጆው!»

አቶ አቤሴሎም ካፖርታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አውልቀው ወረወሩት፤ የሆሴዕን ብብት ያዙ። መምህር ወንዳፈረው እግሩን ያዙ። ግቢውን ሲያቋርጡ መሬቱ በጫማ በኩል ያቃጥላል። ዝቅ ብለው በጎጆው በር ሲገቡ ግን እንደ ሌላ አገር ነበር። ጨለም ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፤ ሳሩ ወፍራም፣ ወለሉ ጭቃ፣ ከጀርባው የእንሰቱ ጥላ። ላሟ በጋጣዋ ቆማ እያመሰኳች እንግዶቹን አየቻቸው፤ የምትወልድ አትመስልም።

ሊዲያ አንድም ቃል አላባከነችም። ከራባቱን ፈታች፣ ሸሚዙን ከፈተች፣ ጫማውን አወለቀች። ነጠላዋን ከእንስራው ነክራ አንገቱ ሥር፣ ብብቱ ሥር፣ ግንባሩ ላይ አደረገች። «ያራግቡለት» ብላ ለመምህሩ ሰፌድ ሰጠቻቸው፣ ለአቶ አቤሴሎም «እግሩን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ» አለች። በትከሻዋ ስልኳን ደግፋ ለሐዳሳ ደወለች፤ «ኧረ ሰማሁሽ፣ እያደረግሁ ነው፤ ነይልኝ ብቻ» አለችና ዘጋችው።

ገነቴ የልጇን እጅ ይዛ ተንበርክካለች። «ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ያቆየሁት። እኔ ነኝ መስኮቱን ያስዘጋሁት» ትላለች በውስጧ።

ጥቂት ቆይቶ የሆሴዕ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። ዓይኑን ከፈተ። ጣራውን አየ፣ የጥንቱን፣ በጢስ የጠቆረውን። «የት ነኝ?» አለ።

«የተወለድክበት» አለች ገነቴ፣ እንባዋ እየወረደ። ቀና አድርጋ በትንሽ በትንሹ ውሃ አጠጣችው።

መምህር ወንዳፈረው ሰፌዱን ሳያቆሙ ሊዲያን አተኩረው አዩአት። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የት ተማርሽው?»

ሊዲያ አማቷን አየች፤ መልሳ አንገቷን ደፋች። መሐላው መሐላ ነው።

«በኔ ላይ ነው የተማረችው» አለች ገነቴ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ማክሰኞዋን፣ ሲሚንቶውን፣ ደብተሩን፣ መሐላውን። ልጇን እያየች ሳይሆን የእጁን ጣቶች አንድ በአንድ እያሻሸች ነው የተናገረችው። «ጨው አታበዛም» አለች በመጨረሻ። «እንዲያውም ታሳንሳለች።»

ሆሴዕ ክንዱን ዓይኑ ላይ ጣል አደረገ። «ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ ሞት ብቻ ነው ብለሽ ነበር እኮ» አለ ድምፁ ተሰብሮ።

«ሊያወጣኝ መጥቶ ነበር። ሊዲያ ቀደመችው።»

«እና እኔ ሽማግሌ ሰብስቤ ሚስቴን...» ሊጨርሰው አልቻለም። እጁን ወደ ሊዲያ ዘረጋ። ሊዲያ ያዘችለት፤ በሌላ እጇ እርጥቡን ነጠላ ግንባሩ ላይ መለሰች፣ ከሚያስፈልገው ትንሽ ጠንከር አድርጋ።

«ዝም ብለህ ተኛ» አለችው። «ውሃው ሁሉ በዓይንህ ወጥቶ ሊያልቅ ነው።»

አቶ አቤሴሎም በሸሚዝ ብቻ፣ የሰው እግር እንዳቀፉ፣ ከወትሮው አንሰው ይታያሉ። «ልጄ ሊዲያ» አሉ፣ «እኛ ሳናጣራ ነው የመጣነው። ይቅርታ አድርጊልን። እኔ ራሴ ገበያ ላይ ስለ አንቺ ያወራሁት አለ፤ እሱንም ጨምረሽ።»

«ይቅር ብያለሁ አባባ። እግሩን ግን አይልቀቁት።»

ሆሴዕ ስልኩን ጠየቀ። እንደተኛ ለጎረምሶቹ ደወለ። «የሰኞው ቀርቷል» አላቸው። «አይደለም፣ ጎጆው አይነካም። መምጣቱን ኑ፣ ግን ሳር ይዛችሁ ኑ፤ በዚህ በኩል ትንሽ ሳስቷል።» ገነቴ ይህን ስትሰማ ትንፋሿን አወጣች፤ ከመቼ ጀምራ ይዛው እንደነበር እንጃ።

ማንም ለመሄድ አልቸኮለም። መምህር ወንዳፈረው ግድግዳውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ለራሳቸው ያራግባሉ። ሐዳሳ ቦርሳዋን ይዛ ደረሰች፣ ሆሴዕን አየችው፣ «እስከ ማታ ከዚህ እንዳይነቃነቅ» ብላ አዘዘች፤ እሷም አረፍ ልበል ብላ ቁጭ አለች። ከግቢው ማዶ የትልቁ ቤት ቆርቆሮ በፀሐዩ ያብረቀርቃል፤ በላዩ አየሩ ይርገበገባል።

አቶ አቤሴሎም ቆይተው ሹመታቸው ትዝ አላቸው መሰል፣ ቀና ብለው ተቀመጡ። ባዶ ትከሻቸውን ዳበስ አደረጉ።

«መቼም እርቁ ወርዷል» አሉ። «ሽምግልናው የተጀመረው በትልቁ ቤት ነው። እንደ ደንቡ የመዝጊያውን ጸሎት እዚያው ገብተን ብናደርስ ነው የሚሻለው።»

ሁሉም ገነቴን አዩአት።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለች ገነቴ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ። «እኛ ከዚህ ሆነን አሜን እንላለን።»